ፊት ለፊት የተሣሉት እናት

ኮልፌ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 27 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ለምወድዎት ለእማማ ወለተጻድቅ
ቢቸና

እማማ፣ እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ጾሙ ከብርዱ ጋር ተባብሮ እንዳይጎዳዎት እሰጋለሁ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ለማመስገን ነውና እስከ መጨረሻው ይታገሡኝ።

ከዚህ ቀደም ደብዳቤዎቼን ለጋሼ ዳኛቸው እልክና እሳቸው ያነቡልዎት ነበር። ይህን ግን በቀጥታ ለርስዎ ነው የጻፍኩት። መሠረተ ትምህርት ጨርሰው የምስክር ወረቀት የተቀበሉ ሰው አንባቢ አያስፈልግዎትም። ዓይንዎን እንዳያደክም ፊደሉን አተለቅኩት፤ ቢረዝምብዎት አስቀምጠው ነገ ይቀጥሉ። ለማንም አያስነብቡት።

ምሥራቹን አላቆይብዎት፤ አለፍኩ። ባለፈው ማክሰኞ ፈታኞቹ እዚሁ ኮልፌ፣ የምትሠራበትን ቦታ እንይ ብለው ቤቴ ድረስ መጡ። ጽሑፌን አስቀድመው አንብበውት ነበር። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አዩ፣ ጠየቁኝ፣ ውጪ ወጥተው ተማከሩና ተመልሰው «ይገባታል» አሉ። እንግዲህ ዲግሪው የኔ ነው ይባላል። እኔ ግን ግማሹ የርስዎ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከግማሽም ይበልጥ ይሆናል።

ያን ቀን አልረሳውም። ሌኒንግራድ ሄጄ እንድማር የተፈቀደልኝ ጊዜ እሙ ገና ጡት መተዋ ነበር። ይገዙ ሰሜን ዘምቶ ነበር። የገዛ አክስቴ «ልጅ ጥሎ ሥዕል ሊማር የሚሄድ ሰው በየት አገር አለ?» ብላ መጥታ ወቀሰችኝ፤ እኔም አልሄድም ብዬ ቆርጬ ነበር። እርስዎ ማንም ሳይጠራዎት ከቢቸና በአውቶቡስ መጡ። አቧራዎን እንኳ ሳያራግፉ እሙን ታቅፈው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ልጅቷን ለኔ ስጪኝና አንቺ ሂጂ» አሉኝ።

«እማማ፣ ሰው ምን ይላል?»

«ሰው የሚለውን እኔ እሰማልሻለሁ። አንቺ አስተማሪሽን ስሚ።»

ይገዙ ይህን ሲሰማ «እናቴ ካለች አለቀ፤ እኔም ብሆን አልከራከራትም» ብሎ ጻፈልኝ። ሌኒንግራድ በበረዶው ውስጥ ስመላለስ፣ ቋንቋው አልገባ ብሎኝ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ሳለቅስ፣ ያቺን ንግግርዎን እደግማት ነበር። አስተማሪሽን ስሚ። ሰማኋት እማማ። ቬራ ኒኮላዬቭና ትባላለች፤ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሲጋራ ከእጇ የማይጠፋ ሴት ናት። እሷም የቁጣዋን ያህል እናት ሆናልኛለች።

አንድ ጊዜ «ሥዕል ሠርቶ መመረቅስ ይሁን፤ ሰው እየሣለ የሚመረምረው ምንድን ነው?» ብለው ጠይቀውኝ በደንብ ሳልመልስልዎት ቀረሁ። ያኔ እኔም በቅጡ አይገባኝም ነበር። ሌላው ተማሪ መጻሕፍት አገላብጦ ይጽፋል። እኛ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይዘን እንሥላለን፤ በመሣል ያወቅነውን ደግሞ ቁጭ ብለን እንጽፋለን። ሥዕሉ ቢያምር ጽሑፉ ከሌለ አይቆጠርም፤ ጽሑፉ ቢረቅቅ ሥዕሉ ባዶ ከሆነ አይረባም። እጅ የሚያውቀውንና ራስ የሚያውቀውን ማስታረቅ ነው በሉት።

ጥያቄዬን ያገኘሁት ከርስዎ ጋር ነው። ሠርጋችን ባለፈ በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ወስደውኝ በግድግዳው ሥዕል ዙሪያ ስንዞር ትዝ ይልዎታል? ቅዱሳኑ ሁሉ ፊት ለፊት ተሥለዋል፣ ሁለት ዓይናቸው ይታያል። ሰይጣኑና ገራፊዎቹ ደግሞ ወደ ጎን ዞረዋል፤ አንድ ዓይን ብቻ። ጻድቅና ኃጥእ የሚለይበት ምልክት እንደሆነ ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። እርስዎ ግን ጆሮዬ ላይ ዝቅ ብለው «እነዚህኞቹ ያዩሻል፤ እነዚያ ግን አያዩሽም» አሉኝ። ያኔ ሰምቼ አለፍኩት። ከዓመታት በኋላ፣ የአጥንትና የጡንቻ፣ የብርሃንና የጥላ ትምህርት ተምሬ ሳበቃ፣ መጣብኝ። ዛሬ በሕይወት ያለ ሰው፣ የኮልፌ ሰው፣ በዚያ በጥንቱ አሣሣል ቢሣል ያየናል ወይ? ጥያቄዬ ይህ ሆነ። ቬራ ኒኮላዬቭና «ይህ እዚህ በረዶ ውስጥ አይመለስም፤ ሂጂና አገርሽ ሥሪው» ብላ የመጨረሻውን ዓመት እዚህ እንዳሳልፍ ፈቀደችልኝ።

እሙን ወዲያው ልወስድ ሳስብ «ቤትሽ ቀለምና ሽታ ነው፤ ጨርሺና ትመጣለች» ያሉኝም እርስዎ ነዎት።

የቤቱን ነገር ልንገርዎት። አልጋውን ወደ ጥግ ገፍቼ የቀረውን መሥሪያ አደረግሁት። ሳንሱሲ የሚኖር ገመቹ የሚባል አናጢ የዋንዛ ጣውላ እያለሰለሰ በውይይት ታክሲ ጣሪያ ላይ ጭኖ ያመጣልኛል። ቀለሙን በእንቁላል አስኳል እለውሳለሁ። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ ሳቁብኝ፣ ቀጥሎ ተሰለፉልኝ። ከሰል የምትሸጠው ወርቅዬ በዓመት በዓል ቀሚሷ መጣች፤ «በከሰል ልብስሽ ነው የምፈልግሽ» ብላት ተቀየመችና በማግስቱ በከሰል ልብሷ ተመለሰች። ገመቹን ራሱን ሣልኩት።

ሥራው ግን አልያዘልኝም። ሁለት ዓይን አለ፣ ፊቱ ፊት ለፊት ነው፣ ሰውየው ግን የለም። ወርቅዬ የራሷን ባየች ጊዜ «የቀበሌ መታወቂያ ላይ ያለሁትን እመስላለሁ» አለች፤ እውነቷን ነው። የሥዕሎቹን ፎቶግራፍ ለቬራ ኒኮላዬቭና ብልክላት «ዓይን ሥለሻል፤ ማየትን አልሣልሽም» ብላ መለሰችልኝ። ጊዜው እያለቀ ነበር። ባይሳካ ያለ ዲግሪ መቅረቴ ነው፤ እሙን ያለ እናት ያሳደጉበት ዓመት ሁሉ በከንቱ ሊቀር ነው። ስለዚህ መስቀል እንዳለፈ ወደ ቢቸና መጣሁ፣ ግድግዳውን ደግሜ ላይ፣ እርስዎንም ልሥል።

የሣልኩዎትን ቀን ላስታውስዎት እፈልጋለሁ። ክረምቱ ወጥቶ ግቢው አረንጓዴ ነበር። እሙ እግርዎ ሥር ተቀምጣ የባቄላ እሸት ትፈለፍላለች፣ ከምትፈለፍለው ብዙውን ትበላለች። እርስዎ ሻሽዎን እስከ ቅንድብዎ ድረስ አውርደው አስረዋል።

«ሻሹን ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ ያድርጉልኝ፣ እማማ።»

«ብርድ ነው፤ እንዲሁ ሣይኝ።»

«ግንባርዎ ካልታየ ፊትዎ ያጥርብኛል።»

ጥቂት ገፋ አደረጉልኝ። እኔም በከሰል እርሳስ ጀመርኩ። እየሣልኩ «ይገዙ ከጻፈ ቆየ፤ ለርስዎስ ጻፈልዎት?» አልኩ። ቀና ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝና «ሥራ በዝቶበት ይሆናል። አንቺ ጨርሺ» አሉኝ። ድምፅዎ አልተንቀጠቀጠም። እሙ አንድ ፍሬ ባቄላ አፍዎ ውስጥ ጨመረችልዎት፤ አኘኩ።

በማግስቱ ስመለስ ደጀን ላይ አውቶቡሱ ለምሳ ቆመ። ወረቀቱ እንዳይታሸብኝ ብዬ ጥቅሉን ፈትቼ በጸሐዩ ላይ ዘረጋሁት። ያን ጊዜ አየሁ። በሁለቱም ጆሮ ግንድዎ ላይ፣ ከሻሹ ጠርዝ ሥር ቀጫጭን መስመሮች አሉ፣ ወደ ታች የወረዱ። የከሰሉ እድፍ መስሎኝ በጣቴ ልጠርገው ስል እድፍ እንዳልሆነ ገባኝ። ራሴ የሣልኳቸው ናቸው። መቼ እንደሣልኳቸው አላውቅም። እጄ ፊትዎ ላይ ያየውን አኑሮታል፤ እኔ ግን ሳላየው ከፊትዎ ተነሥቻለሁ።

እማማ፣ እኔም ያገሬ ልጅ ነኝ። ሴት ፊቷን ለማን እንደምትነጭ አውቃለሁ። ለጎረቤት እንዲያ አትነጭም። ወንድምዎ ጋሼ ዳኛቸው ደህና ናቸው፤ ዘመዶችዎን ሁሉ በቆይታዬ አይቻቸዋለሁ። ጋሼ ዳኛቸው ቤት ስገባ ሰዉ ጨዋታውን ለምን እንዳቆመ፣ ያቺ የጎረቤትዎ ልጅ አይታኝ ለምን ወደ ጓዳ እንደሮጠች፣ ሁሉም እዚያ ደጀን ላይ በአንድ ጊዜ ተገለጠልኝ።

ተመልሼ ወደርስዎ ልመጣ ነበር። ረዳቱን «ሻንጣዬን አውርድልኝ» ብዬው ጣሪያው ላይ ወጥቷል። ቆሜ ስጠብቅ እርስዎን አሰብኩ። ያን ያህል ነገር በአንዲት ሻሽ ሸፍነው፣ እኔ እንዳልሰናከል ብለው፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ «አንቺ ጨርሺ» ያሉኝን አሰብኩ። አገር አፉን እንዲይዝ ስንቱን ለምነው፣ ስንቱን አስምለው ይሆን? የልብዎን ጩኸት ጮኸው እንዳይወጣልዎት እሙ አጠገብዎ ናት። ተመልሼ እግርዎ ላይ ብወድቅ የቻሉትን ሁሉ በአንድ ቀን ማፍረሴ መሰለኝ። ረዳቱን «ተወው፤ አታውርደው» አልኩት። «እህቴ፣ ቁርጡን ንገሪኝ እንጂ» ብሎ አጉረመረመ። አውቶቡሱ ውስጥ ገብቼ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ዓባይን ስንሻገር ነጠላዬን ተከናንቤ ነበር፤ የሆነውን ሆንኩ፤ ሰው አላየኝም።

ኮልፌ ስደርስ የቆረጥኩት አንድ ነገር ነው፤ እጨርሳለሁ። የሚቀጥሉትን ሳምንታት የርስዎን ሥዕል በትልቁ ጣውላ ላይ ሠራሁ። ከሱ በኋላ ወደ ወርቅዬና ወደ ገመቹ ተመልሼ ፊታቸውን ፍቄ እንደገና ጀመርኩ፤ ሁሉም ያኔ ተነሡልኝ። ስሠራ ብቻዬን አልነበርኩም። ቅመም የሚነግዱትን ጎረቤቴን እትዬ ዙቤዳን ያውቋቸዋል። እንድሥላቸው ብጠይቃቸው «እኔን ተዪኝ፣ በሃይማኖቴ ደስ አይለኝም። ቁጭ ብዬ ላይሽ ግን እችላለሁ» ብለውኝ ነበር። ከቢቸና ከተመለስኩ ወዲህ በየቀኑ ኮረሪማቸውን በሰፌድ ይዘው መጥተው በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ እየለቀሙ ያዩኛል። ሰው ሲያንኳኳ ቀድመውኝ ይወጣሉ። ሥዕል ወደው መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ባለቤቷ የዘመተባት ዘመነች መጣች፤ እትዬ ዙቤዳ ውጪ ሆነው «ፈተናዋ እስኪያልፍ አፍሽን ያዢ፤ አማኝ አይደለሽም እንዴ?» ሲሏት በበሩ ክፍተት ሰማሁ። ተመልሰው ሲገቡ ብሩሼን እያጠብኩ ነበር። «ማን ነው?» አልኳቸው። «ማንም፣ ጨው ፈላጊ ናት» አሉና ኮረሪማቸውን መልቀም ቀጠሉ። እኔም በልቤ አመስግኜ ብሩሼን ማጠቤን ቀጠልኩ።

እንግዲህ ማክሰኞ መጣ። ፈታኞቹ ሦስት ናቸው፤ ከሌኒንግራድ ድረስ የመጣችው ቬራ ኒኮላዬቭና፣ አንድ እዚሁ አገር የሚያስተምሩ ሠዓሊ፣ እና ጓድ አምሐ የሚባሉ ከላከኝ መሥሪያ ቤት የመጡ ሰው። ቤቱ ስለጠበበ ቆመው ነው ያዩት። ጓድ አምሐ ገና ሲገቡ ፊታቸው አልተፈታም።

«ጓዲት ጽጌማርያም፣ ይሄ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። መንግሥት የላከዎት ለዚህ ነው? የሠርቶ አደሩ ሕይወት የታለ?»

«ይቺ ወርቅዬ ናት፤ ከሰል ትሸጣለች። ይሄ ገመቹ አናጢው ነው። ሠርቶ አደሮቹ እነሱ ናቸው፤ እስከ ዛሬ ፊት ለፊት የሣላቸው አልነበረም» አልኩ።

መልሴ አላረካቸውም። በእጃቸው የያዙትን ወረቀት ገልጠው ሊጽፉ ሲሉ ቬራ ኒኮላዬቭና ጣልቃ ገባች። «በፎቶግራፍ የላክሽልኝ ሙት ነበሩ። እነዚህ ግን ያዩኛል። በመካከሉ ምን ተፈጠረ?» አለችኝ።

ጽሑፌ ውስጥ የመለስኩት መልስ ነበረኝ፤ ያን ጊዜ ግን ጠፋኝ። ወደርስዎ ሥዕል ሄጄ አጠገቡ ቆምኩና እንዲህ አልኩ፦ «በፊት ተመልካቿ እኔ ብቻ ነበርኩ። እኚህ እናት ግን ስሥላቸው እሳቸውም ያዩኝ ነበር። እንዳልጎዳ ይጠብቁኝ ነበር። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ መጀመሪያ እጄ ሣለው፣ እኔ ኋላ አነበብኩት። በመሣል ያወቅኩት ይህን ነው፤ ከሌላ ከየትም አላገኘውም ነበር።»

ለቬራ ኒኮላዬቭና በሩሲያኛ፣ ለሁለቱ በአማርኛ ነገርኳቸው። ጓድ አምሐ ሲሰሙ ቆዩና ወደ ጣውላው ቀረቡ። ጎንበስ ብለው ፊትዎን አዩ። ዓይናቸው ጆሮ ግንድዎ ላይ ሲደርስ ቆመ። እሳቸውም ያገር ሰው ናቸው።

«እናትዎ ናቸው?» አሉኝ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

«የባለቤቴ እናት ናቸው።»

«ባለቤትዎስ?»

«ሰሜን ነው የዘመተው።»

ቀና ብለው አዩኝ። ኮፍያቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ያዙት። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «ከእኔ በኩል ሌላ ጥያቄ የለም» አሉ። በሩ ላይ የቆሙት እትዬ ዙቤዳ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር።

ፈታኞቹ ከሄዱ በኋላ እትዬ ዙቤዳና እኔ እዚያው ደጃፉ ላይ ተቃቀፍን። ብዙ ቆየን። ጋሼ ዳኛቸው በነሐሴ መጥተው ለእድሩ ሰዎች አደራ ብለው እንደተመለሱ፣ ሰፈሩ ሁሉ እስከ ዛሬ እንደጠበቀኝ ያን ጊዜ ነገሩኝ። ውኃ ቦኖ ላይ ስቆም ተራቸውን የሚለቁልኝ፣ ወርቅዬ ከሰሉን አልሸጥልሽም ብላ በነጻ የምታስቀምጥልኝ ለምን እንደነበረ ገባኝ። እኔ የማላውቅ መስዬ፣ እነሱ የማያውቁ መስለው፣ አንድ ወር ተኩል እንዲያ ኖርን። ሰው ይህን ያህል ይወዳል፣ እማማ? እኔ ምን ሠርቼ ነው?

ሌላም ዜና አለኝ። ከጥር ጀምሮ ሥዕል እንዳስተምር ተመድቤያለሁ። ሥዕሎቹን ሌኒንግራድ ለማሳየት ወስደዋቸዋል፤ የርስዎን ግን አልሰጥም አልኩ። ቬራ ኒኮላዬቭና አልተቆጣችኝም፤ «ልክ ነሽ፤ እሱ ለኛ አይደለም» ብላ ግንባሬን ስማ ሄደች። ቀለሙን ከቤት አውጥቼ ግድግዳውን በኖራ አስቀባለሁ። ከገና በኋላ እርስዎም እሙም እዚህ ከኔ ጋር ብትሆኑ ምኞቴ ነው። የቢቸናን መሬትና ቤተ ክርስቲያንዎን ትተው ይምጡ ብዬ አላስገድድም፤ ያስቡበት ብቻ።

እንግዲህ ዋናው። ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ እነሣለሁ። እትዬ ዙቤዳና ገመቹ፣ ከእድሩም ሁለት ሽማግሌዎች አብረውኝ ይመጣሉ። ጋሼ ዳኛቸውን ሽማግሌ ሰብስበው በሌሊት እንዳይጠብቁኝ ይንገሩልኝ። እንዴት ብለን እንንገራት ብላችሁ አትጨነቁ፤ አንዲት ቃል መናገር አይጠበቅባችሁም። ብቻዎን የያዙትን አብረን እንይዘዋለን። እስከ ዛሬ ለኔ ሲሉ ዝም አሉ፤ ከቅዳሜ በኋላ እንደ እናት ወግዎ ያልቅሱ፣ እኔ ከጎንዎ ነኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት። ለእሙ ማንም እንዳይነግራት። ለኔ የሆነውን ሁሉ እርስዎ ተሸክመውልኛል፤ ይህችኛዋ ግን የኔ ናት። አባቷን ስትጠይቅዎት «እናትሽ ስትመጣ ትነግርሻለች» ይበሏት።

የሰጡኝን ሁሉ የሚከፍል አምላክ ጤናዎን ያቆይልኝ። ጉልበትዎን ያጽናው፣ ዓይንዎን ያብራው። እሙን በሁለቱም ጉንጯ ይሳሙልኝ።

ልጅዎ
ጽጌማርያም